ሰዓቷን የያዝኩላት ሁዳዴ

ጾም አይከብደኝም። ሥጋው ቢቀር፣ ወተቱ ቢቀር ግድ የለኝም፤ ሽሮና ስልጆ እስካለ ድረስ ዓመቱን ሙሉ ጹሚ ብባል እሺ ነው የምለው። እኔና ጾም የማንስማማው በሰዓቱ ነው። ገና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሆዴ መጮህ ይጀምራል። በእብናት፣ እናቴ ቤት ሳለሁ፣ እናቴ “የዚች ልጅ ሆድ ከደወሉ ይቀድማል” እያለች ጎረቤቱን ታስቅብኝ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሰው ናት በሁዳዴ ለማስተማር ልምምድ የወጣችው።

ደብረ ታቦር ለመምህርነት እማር ነበር። በመጨረሻው ዓመት እያንዳንዳችን አንድ ትምህርት ቤት ተመድበን፣ ከአንድ ነባር መምህር ሥር ሆነን እናስተምራለን። ለእኔ የደረሰኝ ከከተማው ወጣ ብሎ በጋፋት በኩል ያለ ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለተኛ ክፍል። ጠዋት ጠዋት ባጃጅ የሚችለውን ያህል ይወስደኛል፤ ከዚያ በእርሻው መሀል በእግሬ ነው። አዝመራው ተሰብስቦ አልቋል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ያገኘሁት ሰው ሁሉ “እንዴት አደርሽ” ይለኛል። መንገዱን ወደድኩት። እየሄድኩ ውዳሴ ማርያሜን እደግማለሁ፤ ስጨርስ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እገኛለሁ።

እንዲያለማምዱኝ የተመደቡልኝ መምህርት እኔ ሳልወለድ ማስተማር የጀመሩ ሴት ናቸው። እትዬ ነበር የምላቸው። የመጀመሪያውን ቀን ከኋላ ተቀምጠው ሳስተምር አዩኝና፣ ስጨርስ ጠርተው፣ ድምፅሽ ለሙሽራ እንጂ ለመምህር አይሆንም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከሦስተኛው ዴስክ በኋላ ያሉት ልጆች ከንፈሬን ብቻ ነበር የሚያዩት። ተቆጥተው ሲያበቁ ግን ከቦርሳቸው ቆሎ አውጥተው በእፍኜ ጨመሩልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጣቸውን አልፈራሁትም።

ስለ ልጆቹ አንድ በአንድ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። የትኛው ዓይኑን እንደሚያመው፣ የትኛዋ ብዙ መንገድ እንደምትመጣ። በር አጠገብ ወደምትቀመጠው ልጅ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ቀጭን፣ ፀጉሯን ሹሩባ የተሠራች፣ ከትከሻዋ የሚሰፋ ሹራብ የለበሰች ልጅ ናት። እናቷ ዐረብ አገር ናት፤ የሚያሳድጓት የእናቷ አባት ናቸው። ድሮም ጎበዝ አልነበረችም፤ ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ግን ጭራሽ ጠፋች አሉኝ። ራሷን ዴስኩ ላይ ደፍታ ነው የምትውለው። በዚህ ዓይነት ክፍሉን መድገሟ ነው። አያቷ ደግሞ ተጠርተው ይህ ሲነገራቸው፣ የሚደገም ከሆነ ይበቃታል፣ ቤት ትዋል ብለዋል።

“እዚያ ቤት አንዴ ከቀረች ተመልሳ አትመጣም” አሉ እትዬ። “እኔ ደግሞ ያላወቀችውን ዐውቃለች ብዬ አላሳልፋትም።”

ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ሳላያት የዋልኩበት ቀን የለም። ስታንቀላፋ ቀስ ብዬ ትከሻዋን እነካታለሁ፤ ቀና ትላለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ተመልሳ ትደፋለች። ኮሌጅ ውስጥ ትኩረት ስለሚያጣ ተማሪ ብዙ ተምረናል። ትምህርቱን በጨዋታ አድርጉት፣ በእጅ በሚጨበጥ ነገር አስተምሩ ተብለናል። እሺ አልኩና መቀነስ የሚለውን ትምህርት በሽምብራ ቆሎ ላስተምር አሰብኩ። ለእያንዳንዱ ልጅ ዐሥር ሽምብራ እሰጣለሁ፤ ሦስት ብሉ እላለሁ፤ ስንት ቀረ? ከዚህ የበለጠ ምን ያስደስታል? እኔ እንኳ በልጅነቴ እንዲህ ብማር ኖሮ የሒሳብ ሊቅ በሆንኩ።

እትዬ ዕቅዱን አይተው፣ በሁዳዴ ጠዋት ልታበያቸው ነው እንዴ አሉኝ። ሽምብራ የጾም ነው፣ እነሱም ልጆች ናቸው፣ ቁርሳቸውንም በልተው ነው የሚመጡት አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና ተዉኝ።

ሽምብራውን አከፋፈልኩ። “ሦስት ብሉ” አልኩ። አንድም የበላ የለም። ምን ሆኑ ብዬ ሳይ፣ አለቃቸው ብድግ አለ፤ ክፍሉ በሙሉ ተከትሎት ተነሳና አማተበ፤ አባታችን ሆይ ተጀመረ። ወይ ጉድ! እኔም ጠመኔዬን ይዤ አብሬ ቆምኩ። በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልም ተደገመ። ሲያልቅ ተቀመጡና በአንድ ጊዜ ቆረጠሙ፤ ክፍሉ የወፍጮ ቤት ድምፅ ሰጠ። አምስት ደቂቃ የመደብኩለት ነገር ግማሽ ክፍለ ጊዜ በላ። ደስ ግን አለኝ፤ ማንም አልተኛም፣ ሁሉም “ሰባት! ሰባት!” ይላል።

በሩ አጠገብ ደረስኩና ልጅቷን ስንት ቀረሽ አልኳት።

“ዐሥር” አለች።

ክፍሉ ሳቀ። ዐሥር ነበረሽ፣ ሦስት በላሽ፣ ስንት ቀረ ብዬ ደገምኩላት። አሁንም ዐሥር አለች። እትዬ ከኋላ ሆነው “ይኸው” በሚል ዓይን አዩኝ። እኔ ግን አጎንብሼ እጇን ከፈትኩት። ዐሥሩም ሽምብራ መዳፏ ላይ ነበር፤ ወዝ ይዞታል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ “አልበላሁም እኮ ቲቸር” አለችኝ።

ለካስ ሒሳቡን ከሁሉም በደንብ የሠራችው እሷ ነበረች።

በዕረፍት ጊዜ ከክፍሉ ጀርባ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር አብረን ተቀመጥንና ጠየቅኳት። ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጾመው። ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ትመጣለች፤ ስትመለስም ትጠብቃለች፤ አያቷ ጾማቸውን ሲፈቱ አብራ ትበላለች። ያስገደዳት የለም። ሁዳዴ ሲገባ ስለት ተስላለች፤ እስከ ፋሲካ ሳታጓድል ከጾመች እናቷ ትመጣለች። አንድ ቀን ቀድማ ከበላች እናቷ ትቀራለች። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ የቤት ሥራዋን እንደምትነግረኝ ነበር የነገረችኝ። አንጀቴን በላችው።

ያን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ምሳዬን ስከፍት እህሉ አልወርድ አለኝ። በመጨረሻ ወረደ፤ እኔ ነኝና። ግን ልቤ ሁለት ላይ ተከፈለ። መምህርነቴ፣ ይህች ልጅ በረሃብ ነው የምትተኛው፣ አብዪያት ይላል። ክርስትናዬ ደግሞ፣ አንቺ ማን ሆነሽ ነው በሁዳዴ ለሰው ልጅ ጾምሽን ተዪ የምትዪው ይለኛል። እኔ ከሷ በላይ ስንት ዓመት ኖሬ እሷ የምትይዘውን መያዝ ያቃተኝ ሰው ነኝ። አፈርኩ ብል ውሸት አይሆንም።

ለማንኛውም አያትየው ዘንድ ሄድኩ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አይርቅም፤ ሽማግሌው ደጃፍ ላይ የሞፈር እንጨት እየጠረቡ አገኘኋቸው። ቁመታቸው ረጅም ነው፣ ጋቢያቸው ነጭ፤ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብዳቸው ጠጋ ብዬ ነበር የምነግራቸው። እንደምን ዋሉ ብዬ፣ የልጅቷን ነገር አነሳሁ። ፊታቸው በራ። በዚህ ዕድሜዋ እስከ ዘጠኝ መያዟን ደብሩ ሁሉ እንደሰማ ነገሩኝ። የሳቸው ዘር እንዲህ ነው አሉ። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ እንደምትተኛ፣ በዚህ ከቀጠለች እንደምትደግም ነገርኳቸው። ጾም አእምሮ ይከፍታል እንጂ አይዘጋም ብለው መጥረቢያቸውን አነሱ። ነገሩ አለቀ ብዬ ልነሳ ስል፣ ትንሽ ጠረቡና ቆሙ።

“እኔ ክፉ ሰው መስዬሽ ይሆናል” አሉኝ። “ስትጠወልግ አያለሁ። ግን ስለት ነው። የእናቷን መምጣት ይዛበታለች። እኔ ብዪ ብያት እናትየው ብትቀር፣ ይህች ልጅ ምን ትለኛለች?”

መጥረቢያቸውን አስቀመጡና ይህ የኔና ያንቺ ነገር አይደለም፣ የካህን ነገር ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ዘንድ እንሂድ አሉ።

እሑድ ቅዳሴው እንዳለቀ ሦስታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከአንድ ጽድ ሥር ቄሱን አገኘናቸው። መስቀል ተሳለምን። ሁሉንም ነገርኳቸው። ትምህርቱን፣ እንቅልፉን፣ ስለቱን። ሲሰሙ ቆይተው ለልጅቷ እንዲህ ያለው ጾም ለትንሽ ልጅ እንደማይገባት፣ ጠዋት የጾም ምግብ በልታ ትምህርቷን ብትማር እግዚአብሔር እንደማይቀየማት በለሰለሰ ቃል ነገሯት። እኔም አያትየውም እፎይ አልን። ልጅቷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

“እማ ትቀርብኛለች” አለች።

አያትየው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ተስፋዬ ተሟጠጠ፤ የካህን ቃል ካልፈታት ማን ይፈታታል? ያን ጊዜ ቄሱ ወደ እኔ ዞሩና ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ።

“አንቺ ልጄ፣ በስንት ሰዓት ነው የምትበዪው?”

“በስድስት ሰዓት አባቴ” አልኩ፤ ድምፄ ጠፋ።

“እንግዲያውስ ሰዓቷን አንቺ ውሰጂላት። ስለቱ አልተጓደለም፤ የሚሸከመው ሰው ነው የተለወጠው።” ወደ ልጅቷ አጎነበሱ። “መምህርሽ እስከ ዘጠኝ ትያዝልሽ። አንቺ ብዪና ተማሪ። ይሁን?”

ልጅቷ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ከብት የምትገዛ ሰው ነበር የምትመስለው። ብዙ ካሰበች በኋላ “ይችላሉ?” አለችኝ።

እችላለሁ አልኩ። እንዴት እንደምችል እግዜር ይወቅ!

ሰኞ ተጀመረ። አቤት ያ የመጀመሪያው ሳምንት! ስድስት ሰዓት ሲሆን የመምህራን ክፍል ውስጥ የምሳ ዕቃው ሁሉ ይከፈታል። የስልጆው ሽታ፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ የበርበሬው ሽታ አፍንጫዬን ይዞ ይጎትተኛል። ምራቄን እየዋጥኩ እወጣና ግቢው ውስጥ ያሉትን ችግኞች አጠጣለሁ። ያን ሰሞን ችግኝ እንደዚያ ውኃ ጠጥቶ አያውቅም። ዘበኛው፣ አስተማሪ ልጅ፣ ሥራችንን ልትቀሚን ነው ወይ ብለው ቀለዱብኝ።

ልጅቷ ደግሞ በቀላሉ የምታምን ሰው አልነበረችም። ትምህርት ሲያልቅ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሲሮጡ እሷ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች። “ቲቸር፣ ትናንት እስከ ዘጠኝ፣ ዛሬም እስካሁን አልበሉም አይደል?” አልበላሁም። “ውኃስ?” እሱንም አልጠጣሁም። አፌን ከፍቼ እንዳሳያት አልጠየቀችኝም እንጂ በዓይኗ ከንፈሬን ትፈትሸዋለች። እሷ በበኩሏ ቃሏን ጠበቀች። በዕረፍት ጊዜ የተቀቀለ ድንች ይዛ ፊቴ ትቀመጥና፣ እንዳያት ብላ፣ ቀስ እያለች ትበላለች። ጨው ስትነሰንስበት ማየት ፈተና ነው። ኧረ እንዲያው ትንሽ ራቅ ብለሽ ብዪ እላታለሁ በልቤ።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚመጣው የከሰዓት ፈረቃ ላይም አንዳንድ ጊዜ አስተምር ነበር፤ ረሃቡ ትዕግሥቴን ሲጨርሰው ድምፄ ወጣ። አንድ ቀን ኋላ ተቀምጠው የሚንሾካሾኩትን ልጆች ስጠራቸው ግድግዳው አስተጋባ፤ ራሴው ደነገጥኩ። እትዬ በመስኮት ሰምተው ኖሮ፣ ይኸው ድምፅሽ፣ የት ደብቀሽው ነበር አሉኝ። ኮሌጅ ያላስተማረኝን ረሃብ አስተማረኝ።

ሌላም ነገር ነበር። ሆዴ በጮኸ ቁጥር ዐረብ አገር ያለችውን፣ የማላውቃትን እናቷን አስባለሁ። በማን ቤት ምን ስታጥብ ትሆን? ፀሐዩ እዚያ እንዴት ነው? ልጇ ሹሩባ መሠራቷን ታውቅ ይሆን? ለስሙ ያህል ሳይሆን ከልቤ መጸለይ ጀመርኩላት። ከዚያ በፊት ጸሎቴ በአብዛኛው ስለ ፈተናና ስለ ምደባ ነበር። አሁን የሌላ ሰው ነገር በአፌ ሲገባ ልቤ ሰፋ። ደስተኛ ነበርኩ። ርቦኝ፣ ደክሞኝ፣ ደስተኛ ነበርኩ።

ልጅቷም ነቃች። በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ራሷን ቀና ማድረግ ጀመረች፤ ቀጥሎ እጅ ማውጣት፤ ቀጥሎ ጎረቤቷን ማረም። ማረሙን እንኳ ትንሽ ብትቀንሰው እወድ ነበር። የልምምዴ መጨረሻ ሲደርስ እትዬ ራሳቸው ሰሌዳ ላይ አውጥተው ፈተኗት፤ አነበበች፣ ደመረች፣ ቀነሰች። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ፊቷን አዩና፣ እኔን ሳያዩ፣ በዚህ ከቀጠለች ታልፋለች አሉኝ። ፋሲካ ገና ነበር፤ ሰዓቱን እስከዚያ መያዜ አይቀርም፤ የእናትየው ወሬም አልነበረም። ልቤ ግን ግማሹ ዐረፈ።

የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር። አያትየው ሳትሰናበቺኝ እንዳትሄጂ ብለው ስለላኩብኝ በዘጠኝ ሰዓት ቤታቸው ገባሁ። አንድ ትሪ ላይ ሦስታችን ተቀመጥን። ሽማግሌው በሁዳዴ ጨዋታ እንኳ የማያጋንኑ ሰው ናቸው። ዘንድሮ ገብሱ ጥሩ ነበር አሉና፣ ትንሽ ቆይተው፣ መካከለኛ ነበር ብለው አረሙት፤ በጾም ቃል ይቆጠራል ብለው። ገና ሁለት ጉርሻ ሳንበላ ስልካቸው ጮኸ። የእናትየው የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው፤ ሲቀናት የምትደውለው ያን ቀን ነው። እንዲሰማቸው ድምፁን ከፍ አድርገው ትሪው አጠገብ አስቀመጡት።

ሰላምታው ረዘመ። ልጅቷ ግን አላስቻላትም፤ ክፍሏን እንደምታልፍ ነገረቻት፤ ቀጥላም፣ እማ፣ እኔ እየበላሁ ነው፣ ስለቴን ቲቸር ይዘውልኛል አለቻት። የምን ስለት? አለች እናትየው። አያትየው ገቡበትና ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረኩላት፤ እናቷ እንድትመጣ መሳሏን፣ እስከ ዘጠኝ መጾሟን፣ እንቅልፉን፣ ቄሱን፣ እኔን።

ሲጨርሱ የእናትየው ድምፅ ቀጥኖ መጣ።

“ዛሬ ምን በላሽ?”

ጠዋት ድንች፣ አሁን ደግሞ ሽሮ ከቲቸር ጋር አለች ልጅቷ። ትናንትስ? አለች እናትየው። ትናንት ተልባ በእንጀራ፣ በዕረፍት ቆሎ። ከትናንት ወዲያስ? ልጅቷ አስታውሳ ነገረቻት። ከዚያ በፊትስ? እናትየው ስለ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። እመጣለሁ አላለች፣ አልመጣም አላለች፤ ብቻ ወደ ኋላ እየሄደች፣ ልጇ ያልበላችባቸውን ቀኖች የምትሞላ ይመስል፣ ምን በላሽ፣ ምን በላሽ ትላለች። በየመሀሉ አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማል። ልጅቷ የበላችው አለቀባት። ወደ እኔ አየች፤ ወደ አያቷ አየች። ከዚያ ያልበላችውን መጥራት ጀመረች። ማር በዳቦ በላሁ አለች። ሙዝ በላሁ። ብርቱካን፣ ሁለት ብርቱካን።

በዚያ ቤት ብርቱካን ገብቶ አያውቅም። እኔ እንጀራውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

“እውነት ነው አባባ?” አለች እናትየው።

ሽማግሌው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

“እውነት ነው” አሉ። “እኔው ነኝ ልጬ ያጎረስኳት።”

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ግን ስልኩን ነበር የሚያዩት።